ሦስት ጠባሳ በጆሮ ላይ

እትዬ ኦዴሳ ፕሩት ባረፉ በማግስቱ ሁለት ስልክ ተደወለልኝ። የመጀመሪያው ከሴት ልጃቸው ከሬኔታ ነበር። «እትዬ ዊላሜ፣ የእማዬን ራስ አንቺ ሥሪላት» አለችና ዘጋችው። እንደምን አደርሽ የለ፣ እባክሽ የለ። ሁለተኛው ለቀብር ከቺካጎ ከመጣው ከወንድሟ ከክሊፍተን ነበር፤ እሱ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ብዙ አወራ።

«የእናቴን ራስ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም» አለኝ። «ሃያ ሁለት ዓመት እጅሽ ላይ የነበረ ራስ ነው። ስትሠሪያት በደንብ እይልኝ። ቁስል ይሁን፣ እብጠት ይሁን፣ ያልሆነ ነገር ካየሽ ከማንም በፊት ለእኔ ንገሪኝ። እኅቴ ዓመት ሙሉ በር ዘግታባት ነው የኖረችው። አንድ ነገር ብታገኚ ቀጥታ ሸሪፉ ጋ ነው የምሄደው። ቅዳሜም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከፊት ወንበር አትቀመጥም፣ እምልልሻለሁ።»

«እሺ» አልኩት። አልሸሽግም፣ ደስ ብሎኝ ነው እሺ ያልኩት። ዓመት ሙሉ አንድ ሰው መጥቶ «ዊላሜ፣ አንቺስ ምን ትጠረጥሪያለሽ?» እንዲለኝ ስጠብቅ ነው የከረምኩት።

እትዬ ኦዴሳ የከተማችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ነበሩ። ግማሹን ከተማ በቁጣ፣ ግማሹን በዓይናቸው ብቻ ነው ያሳደጉት። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ፀጉር ቤቴ ይመጡ ነበር። ፀጉራቸው ጥቅጥቅ ያለ ነጭ ከርዳዳ ነው፤ ማለስለሻ ኬሚካል በሕይወታቸው አስነክተውት አያውቁም። «እግዜር ጠምዝዞ የሰጠኝን በመርዝ አላቀናም። አንቺ በእሳት አባብይልኝ» ይሉኛል።

እኔም አባብለዋለሁ። አጥቤ፣ ከሥሩ ድረስ በፎን አድርቄ፣ ስስ ስስ አድርጌ እከፍለዋለሁ፤ እርጥብ ፀጉር ላይ የጋለ ብረት የሚጭን ሰው ፀጉሩን እየቀቀለ እንደሆነ ይወቀው። ከሙቀት የሚከላከለውን ቅባት በጣቴ ጫፍ ዳስሼ፣ በትንሽ ምድጃ ያጋልኩትን የብረት ማበጠሪያዬን አንዴ አሳልፍበታለሁ። አንዴ ብቻ። የዛሬ ልጆች ፒያስትራውን እስከ ጥግ ከፍ አድርገው አምስት ጊዜ ይጎትቱታል፤ ደንበኛዋ በመስታወት ራሷን አይታ ስትፈነድቅ እነሱ ገንዘባቸውን ይቀበላሉ። የእኔ ሥራ የሚታየው ግን በመስታወት አይደለም፣ በሚቀጥለው እጥበት ነው። በልኩ የተተኮሰ ፀጉር ውሃ ሲነካው ሽብልል ብሎ ወደ ተፈጥሮው ይመለሳል። ሙቀት የገደለው ግን ባሕር ውስጥ ቢነክሩትም ለጥ እንዳለ ይቀራል፤ ከመቀስ በቀር መድኃኒት የለውም።

ባለፈው ዓመት ፋሲካ ካለፈ በኋላ ሬኔታ ከሜምፊስ መጣች፤ እዚያ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ነበረች። እናቷ ቤት ገባችና «እማዬ ከእንግዲህ አትመጣም» ብላ ደወለችልኝ። ለምን ብላት «ደክሟታል» አለች። ከምድጃ የወጣ፣ ኮብለር የምንለውን የኮክ ኬክ ይዤ ሄድኩ። በሩን የክንድ ስፋት ያህል ከፍታ ሳህኑን ተቀበለችኝ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች፣ ዘጋች። በሳምንቱ ሳህኔን አጥባ በረንዳዬ ላይ አስቀምጣ ሄደች። በሁለተኛውም እንዲሁ። መጋረጃው ቀን ከሌት ዝግ ነው። ቤተ ክርስቲያንም የእትዬ ኦዴሳ ወንበር ባዶ ሆነ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት፣ ውነቱን ልናገር፣ ሌላ ፀጉር ሠሪ ነው። አዲስ የተከፈተው ፀጉር ቤት ድረስ ሄጄ ዋጋ የምጠይቅ መስዬ ወንበር ወንበሩን አየሁ። የሉም። ከዚያ በኋላ ጥርጣሬዬ ሁሉ ሬኔታ ላይ ዞረ። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር ይባል የለ? ወንበሬ ላይ የሰማሁትን ከወንበሬ አላወጣም፣ ይሄ ሕጌ ነው። ወንበሬ ላይ ያልሰማሁትን ግን፣ የራሴን ግምት፣ ለሐሙስ ደንበኞቼ ትንሽ ትንሽ ነግሬያቸዋለሁ። እነሱ ናቸው መሰለኝ ለክሊፍተን የጻፉለት።

አርብ ጠዋት ምድጃዬን፣ ማበጠሪያዬንና ፎጣዎቼን ይዤ አስከሬን ታጥቦና ለብሶ ለቀብር ወደሚሰናዳበት ወደ አቶ ሃስኪንስ ቤት ገባሁ። ቀብሩ ቅዳሜ አምስት ሰዓት ላይ ነው። ሽማግሌው ሰዓቱን እያየ ነው የተቀበለኝ።

«ዊላሜ፣ ከእንግዲህ የሚያማቸው ነገር የለም» አለኝ። «እሳቱን ከፍ አድርጊና ቶሎ ጨርሺልኝ። ከሰዓት ሌላ እንግዳ አለኝ።»

«እንግዳዎ ይጠብቅ! የእሳቸው ፀጉር ካሁን በኋላ አያበቅልም። ከተቃጠለ እንደተቃጠለ ነው አፈር የሚገባው። ይልቅ የሞቀ ውሃ ይስጡኝ።»

«ታጥበዋል እኮ።»

«ማን አጠባቸው? እርስዎ? እርስዎ መኪናዎንም አጥበው አያውቁም!»

እየሳቀ ውሃውን አምጥቶልኝ ወጣ። ብቻዬን ሆንኩ። እትዬ ኦዴሳ አንገታቸው በእንጨት ትራስ ተደግፎ ተንጋለው ተኝተዋል። ከስተዋል፣ ፊታቸው ግን ያው የርዕሰ መምህርት ፊት ነው። «ዘገየሁብዎት» አልኳቸውና ውሃውን ቀስ ብዬ አፈሰስኩ።

ፀጉሩ አልተመለሰም።

ከግንባራቸው ጀምሮ እስከ መሐል አናታቸው ድረስ ውሃው ወርዶበት ለጥ አለ፤ እንደ ረጠበ ክር ተኛ። ጫፉን በጣቴ ብስበው ተበጥሶ ቀረ። መሐል አናታቸው ላይ ደግሞ ጣቴን የማያህል አጭር አጭር ስብርባሪ ነው ያለው። ሃያ ሁለት ዓመት እንደ ዓይኔ ብሌን የጠበቅኩትን አንድ ሰው በጋለ ብረት ደጋግሞ፣ ያለ ልክ ፈጅቶታል።

ሌላም ነገር አየሁ። ከሥሩ ሁለት ጣት የሚያህለው፣ አዲስ የበቀለው፣ ምንም አልሆነም፤ ሽብልል ብሎ ተመልሷል። ፀጉር በወር ምን ያህል እንደሚያድግ አውቃለሁ፤ ይህ የአራት ወር ፀጉር ነው። እንግዲህ አሰብኩት፦ መጀመሪያ አቃጠለቻቸው፣ ከዚያ ሰለቻትና አራት ወር ሙሉ ሳትነካቸው ጣለቻቸው። ራሱ እንደ ደብዳቤ ተነበበልኝ። የቀኝ ጆሯቸውን ዞር ሳደርግ ደግሞ ጫፉ ላይ ሦስት ጠባሳ አገኘሁ፦ አንዱ የከረመ፣ አንዱ የነጣ፣ አንዱ ገና ቀላ ያለ። የማበጠሪያ ጀርባ የሚያወጣው ምልክት ነው፤ እኔ ደንበኛ አቃጥዬ አላውቅም እንጂ የሌሎቹን ብዙ አይቻለሁ።

እጄን አድርቄ ውጭ ኮሪደሩ ላይ የሚጠብቀውን ክሊፍተንን ልጠራ ስል በሩ ተከፈተ። ሬኔታ ናት፤ የእናቷን ሐምራዊ ቀሚስ በማንጠልጠያው ክንዷ ላይ አድርጋ መጥታለች። ድሮ ደልደል ያለች ሴት ነበረች፤ አሁን ልብሷ ሰፍቷታል። አላዘንኩላትም።

«ደህና ነሽ እትዬ ዊላሜ?»

«ደህንነቴን ተዪውና ነዪ» አልኳት። «ነዪ እስቲ ወዲህ። ይህን ራስ ማን ነው እንዲህ ያደረገው?»

ቀሚሱን ወንበር ላይ አስቀመጠች። ወደ እናቷ ራስ አላየችም፤ የምታውቀውን ነገር ምን ያሳያታል። «እኔ ነኝ» አለች።

«ጆሯቸውንስ?»

«እሱም እኔ ነኝ።»

እንዲህ ያለ ድፍረት አይቼ አላውቅም። «ስንት ጊዜ ተኮስሻቸው?»

«በቀን አንዴ። አንዳንድ ቀን ሁለቴ፣ ሦስቴ።»

«ሦስቴ! ድንጋይ እንኳ በቀን ሦስቴ ቢተኮስ ይሰነጠቃል! ምን አድርገውሽ ነው? ምን በድለውሽ ነው ሬኔታ? ወንድምሽ ውጭ ቆሞ የእኔን ቃል እየጠበቀ እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። እያየሁት ነው የገባሁት።» ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። «እማዬ ቀን ጠፍቶባት ነበር እትዬ። በየማለዳው ሐሙስ ነው ትላለች። ለብሳ፣ ቦርሳዋን ይዛ በሩን ትደበድባለች፤ ዊላሜ እየጠበቀችኝ ነው ትላለች። እኔን አታውቀኝም። ማነሽ አንቺ፣ ከቤቴ ውጪልኝ ትለኛለች። አንድ ጠዋት ዱላዋን አነሳችብኝ። የማደርገው ሲጠፋኝ ወንበር ላይ አስቀመጥኳትና ከጀርባዋ ቆሜ፣ እኔ ነኝ ዊላሜ፣ ቤት ድረስ መጣሁልዎት አልኳት። ወዲያው ዝም አለች። ከጀርባዋ ስለሆንኩ ፊቴን አታይም።»

«ታዲያ ለምን አልጠራሽኝም? ሁለት መንገድ ነው በመካከላችን ያለው!»

«አስምላኝ ነበር፣ አእምሮዋ ገና ደህና እያለ። ሐኪሙ ሲነግራት። ማንም እንዳያየኝ፣ ከሁሉ በላይ ዊላሜ እንዳታየኝ አለች። ለዊላሜ ከነገርሽ ለከተማው ሁሉ ነገርሽ አለች።»

ይህቺ ቃል እንደ ጥፊ ነው ያረፈችብኝ። ሃያ ሁለት ዓመት አገልግዬ እጄ አመድ አፋሽ! ልቆጣ አፌን ከፈትኩ፣ የሐሙስ ደንበኞቼ ትዝ አሉኝ፣ መልሼ ዘጋሁት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ግን አላመንኳትም። አትፍረዱብኝ፤ እንዲህ ያለ ወሬ ማንም ሊፈጥር ይችላል። «እሺ፣ ማታለሉንስ አታለልሻቸው እንበል» አልኩ። «ቀዝቃዛ ብረት አትይዢም ነበር? ምን ያውቃሉ?»

«ሞከርኩ እኮ። ሽታውን ታውቀዋለች። ቅባቱ ሲጨስ ካልሸተታት፣ ዊላሜ ዛሬ ምን ነካሽ፣ እየቀለድሽብኝ ነው እንዴ ትላለች። ተነሥታ ልትሄድ ትታገላለች። የተበጠሰ ፀጉሯን ከወለሉ ላይ ስጠርግ አለቅስ ነበር። ብዙ ቆይቶ ነው የገባኝ። ቅባቱን ብረቱ ላይ ጠብ አደርገውና ይጨሳል፤ ከዚያ ብረቱ እስኪቀዘቅዝ ስለ ቤተ ክርስቲያን አወራላታለሁ። ሲቀዘቅዝ ነው የማስነካት። ከገና ወዲህ አንድም ቀን በሙቅ አልነካኋትም። አንዴ ብቻ፣ ስቸኩል፣ ያቺ ቀይዋ ጠባሳ።»

ሁለት ጣት ፀጉር። አራት ወር። ጣለቻቸው ብዬ ያነበብኩት እኮ ይህ ነው። ጥርጣሬ ግን እንደ ጉንፋን ነው፣ በአንድ ቀን አይለቅም። ማበጠሪያዬን ከመሣሪያዬ መሐል አንሥቼ ሰጠኋት።

«እንግዲያው አሳዪኝ» አልኳት። «የግራውን ጎን አደርቅልሻለሁ። እኔን ሆነሽ ሥሪ።»

እኔ የግራውን ጎን በፎን ሳደርቅ ማበጠሪያውን ትንሿ ምድጃ ላይ አስቀመጠች። አነሣችው፣ ሙቀቱን ለመፈተን ነጭ ወረቀት ላይ ጫነችው። ወረቀቱ ቢጫ ሆነ። ምላሷን ጠቅ አደረገች፣ ብረቱን በአየር ላይ አወዛወዘች፣ እንደገና ጫነችው፤ አሁን ወረቀቱ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ስስ አድርጋ ፀጉሩን ከፈለች። ከዚያ ወደ እናቷ ጆሮ ጎንበስ አለችና በራሷ ባልሆነ ድምፅ ተናገረች።

«ጆሮዎን ይያዙልኝ እመቤቴ። እጄ ክርስቲያን ነው፣ ብረቱ ግን ገና አልተጠመቀም።»

ይህ የእኔ ቀልድ ነው። ሥራ ከጀመርኩ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ራስ የምለው። ድምፁም የእኔ ነው፣ ከአፍንጫ የሚወጣው ጎርናናው ድምፄ፤ ሲጋራ ካቆምኩ በኋላ የቀረችብኝን ሳል እንኳ አልረሳቻትም። ድሮ ለዕረፍት ስትመጣ ሁለት ሦስት ጊዜ እናቷን ይዛልኝ መጥታለች እንጂ ቀልቧ እንዲህ እኔ ላይ እንደነበረ አላውቅም።

ቀልዱን ከተናገረች በኋላ ብረቱን እንደያዘች ቆማ ጠበቀች። ምን እንደምትጠብቅ አልገባኝም ነበር። የእናቷ እጅ ተነሥቶ ጆሮውን እስኪይዝ ነው። እጁ አልተነሣም። ሬኔታም ትንሽ ቆይታ፣ ትዝ ሲላት፣ በግራ እጇ ጣት ራሷ ጆሮውን አጠፍ አደረገችና ብረቱን አሳለፈች። አንዴ ብቻ።

ከዚያ ወዲያ ምስክር አላስፈለገኝም።

«ያኔ ምን ያወሩልሽ ነበር?» አልኳት። «እኔን ሆነሽ ስትሠሪያቸው።»

«ለአንቺ የምታወራልሽን ነዋ። ስለ ክሊፍ። ስለ መዘምራኑ።» ሌላ ስስ ፀጉር ከፈለች። «አንዳንዴ ደግሞ፣ ሴት ልጅም አለችኝ፣ ሜምፊስ ሄዳ ቀረች፣ ዓይኗን አሳይታኝ አታውቅም ትለኛለች።»

«አንቺስ ምን አልሻቸው?»

«ትመጣለች አልኳት። ዊላሜ፣ እኔን ለማጽናናት ነው እንዲህ የምትዪው ትለኛለች።»

በሩ ተንኳኳ። ክሊፍተን ነው። ወጣሁና በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት። ቁመቱ የእናቱ ነው፤ እንደ እሳቸው ቀጥ ብሎ ቆሞ «እሺ፣ ምን አገኘሽ?» አለኝ።

«ጆሮ ላይ ሦስት ጠባሳ አለ» አልኩት። «እኅትህ ናት ያቃጠለቻቸው።»

ፊቱ ተለዋወጠ። ወደ በሩ ሲራመድ እጄን ደረቱ ላይ አሳረፍኩ። «አልጨረስኩም። በየቀኑ ስትሠራቸው ነው ያቃጠለቻቸው። ስማቸውን ረስተው፣ እሷን ረስተው፣ እኔን ብቻ ሲያስታውሱ፣ እኔን ሆና ሠራቻቸው። እናታችን ታማለች ብላ አልነገረችህም?»

«ነግራኛለች… ግን በስልክ ሳዋራት ደህና ነበረች። ክሊፍዬ ትለኛለች።»

«በስልክ አምስት ደቂቃ ማንም ደህና ነው። አሁን ሸሪፉ ጋ እንሂድ ካልክ ኮፍያዬን ላምጣ፣ አብሬህ እሄዳለሁ። እኔ ጠባሳውን እነግረዋለሁ፣ አንተ ደግሞ ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ በዚያ በር እንደገባህ ትነግረዋለህ።»

ኮሪደሩ ላይ ካለው ወንበር ቁጭ አለና በእጁ ፊቱን ሸፈነ። እኔም፣ በግምቴ ይህን እሳት ከጫሩት አንዷ መሆኔን እያወቅሁ፣ ከዚያ በላይ ልናገረው አልደፈርኩም።

ስመለስ ሬኔታ የግራውን ጎን ጨርሳ ነበር። ክፉ ሥራ አልነበረም፤ ወደ ማጅራቱ አካባቢ ትንሽ ይቀረዋል እንጂ። «ከፊት ትቀመጫለሽ ነገ» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ ሐሳቧ ግን ሌላ ቦታ ነበር።

«እትዬ ዊላሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች። «ድሮ፣ ደህና ሳለች፣ ወንበርሽ ላይ ተቀምጣ ስለ እኔ ታወራ ነበር?»

ሃያ ሁለት ዓመት ሐሙስን በአንድ ትንፋሽ በረበርኩት። የክሊፍተን ዲግሪ፣ የክሊፍተን ቤት፣ የክሊፍተን ልጆች ጥርስ፣ የዶሮ ዋጋ፣ የፓስተሩ ሚስት ኮፍያ። ስለ ሬኔታ ያገኘሁት «ሜምፊስ ናት» የምትል ቃል ብቻ ናት።

«ሁልጊዜ!» አልኳት።

«ምን ትል ነበር?»

ጠዋቱን ሙሉ እኔ ሳያት በነበረው ዓይን ነው አሁን እሷ የምታየኝ። «እጇ ከባድ ነው፣ ግን የጀመረችውን ሳትጨርስ የማትነሣ ልጅ ናት ይሉ ነበር» አልኩ።

ማበጠሪያውን ከምድጃው ላይ አነሣች።

«እማዬ እንዲህ አትልም» አለች።

«አይሉም» አልኳት። ሌላ ምን ልበል? «እኔ ነኝ የምለው።»

ያን ጊዜ ሳቀች፤ በዚያ ዓመት ሁሉ ሳቋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ሳቁ መሐል ላይ ተሰብሮ ወደ ለቅሶ ሲዞርባት የጋለውን ብረት ከእጇ ተቀበልኳት።